በአንዲት ፊደል የቀረ ሰው

ባለቤቴ ከወጣትነቱ እስከ ጡረታው ድረስ ወደብ ላይ የሠራው አንድ ቃል በመጥራት ነው። ያጋነንኩ ይመስላል፤ ሥራው ግን እሱ ነበር። ምልክት ሰጪ ይባላል። መርከብ ሲራገፍ ክሬን ነጂው ከብረቱ አናት ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ ባሕሩንም ከተማውንም ያያል፤ የመርከቡን ሆድ ግን አያይም። ስለዚህ አንድ ሰው ታች ጨለማው ውስጥ ይቆምና በራዲዮ ዓይን ይሆነዋል። ታች የሚቆመው የእኔ ሰው ነበር። ሳጥኑ ወይም የብረት ጥቅሉ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ራዲዮውን አፉ ላይ አስጠግቶ «ና… ና… ና… ና…» ይላል፤ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው ወደቡ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። «ጋሽ ና» ነበር የሚሉት። ልጃችን ትንሽ ሳለች አንዱ የሰፈር ልጅ «የጋሽ ና ልጅ» ብሏት እያለቀሰች ገባች።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል?» አላት። «ማልቀስስ ‘ጋሽ ሂድ’ ቢሉኝ አልነበር ወይ?»

ክሬን ነጂው ደግሞ «ሰማይ ቤት» ነበር ስሙ። በየቀኑ ሰማይ ቤት ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ብቸኛው ሰው እያሉ ይቀልዱበታል። ሁለቱ አብረው አርጅተዋል። አንድ ቀን የባለቤቴ ራዲዮ ባትሪ ጨርሶ ድምፁ ቢጠፋ፣ ሰማይ ቤት የብረቱን ጥቅል አየር ላይ እንደሰቀለ እዚያው ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን በላ አሉ። አለቃው ከታች ሆኖ ሲጮህበት ዳቦውን እያሳየው ያኝክ ነበር። ይህችን ታሪክ በየበዓሉም በየለቅሶውም ሰምቻታለሁ፤ ለሳቅ እንጂ ለሌላ አልሰማኋትም።

ፊት ለፊት ሲገናኙ ወሬ አልነበራቸውም። ሰማይ ቤት እኛ ቤት ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁለቱም ግድግዳውን ሲያዩ ይቆያሉ፣ «በል እንግዲህ» ብሎ ይሄዳል።

«ምን አወራችሁ?» እለዋለሁ።

«ቀኑን ሙሉ ስናወራ አይደል እንዴ የዋልነው?» ይለኛል።

እኔ በወደቡ አጥር ሥር ባለው የሸራ ቤት ሰፊ ነበርኩ። የጭነት መሸፈኛና ማንሻ ሸራ እንሰፋለን። የተገናኘነው እዚያ ነው፤ የተቀደደ ሸራ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሳይቀደድም ተሸክሞ መጣ። ባልደረቦቼ «ና ሲል የኖረ ሰው ‘ነይ’ ማለትን እስኪለማመድ እኮ ስንት ጊዜ ፈጀ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለመዳት። ከዚያ በኋላ ለእሱ ሁልጊዜ «ነይ» ነበርኩ፤ ከጓዳ ሲጠራኝ፣ ከመንገድ ማዶ ሲጠራኝ፣ ሲያመውም።

ስለ ቃሏ ማሰብ የጀመረው በከንቱ ባለፈ አንድ ከሰዓት ምክንያት ነው። መርከቡ የራሱ ክሬን ነበረው፤ ነጂውም የመርከቡ ሰው ነበር፣ ሂንዲ ተናጋሪ። ራዲዮ አልነበራቸውም፤ ባለቤቴ ከታች ይጮኻል። «ና!» ሲል ሰውየው ያቆማል። «ና፣ ና!» ሲል ጭራሽ መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል። ባለቤቴ ተናደደ፣ ሰውየውም ተናደደ፣ ሳጥኑ እንደ ዥዋዥዌ ሲወርድ ሲወጣ ዋለ። በመጨረሻ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ሽንኩርት የሚልጥበትን ቢላዋ እንደያዘ መጥቶ አስታረቃቸው። ለካ በእነሱ ቋንቋ «ና» ማለት «አይሆንም» ማለት ኖሯል። አብሳዩ የፋርስ ሰዎችም እንደዚያው እንደሚሉና፣ ፈረንጆች «ኖ» የሚሏትም የዚህችው የሩቅ ዘመድ እንደሆነች ነገረው።

«አስቢው እስኪ» አለኝ ማታ እግሩን እየታጠበ። «እኔ ና እለዋለሁ፣ እሱ አትምጣ ይሰማዋል። ሁለታችንም በትክክል ነው የሠራነው።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሱስ ሆነበት። ከማንም አገር መርከበኛ ጋር ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ይልና «ና» ይላል፤ ፊታቸውን ያያል። አንድ ሽማግሌ ግሪክ፣ ባለቤቴ «ና» ሲለው ዞር ብሎ የሚታይ ነገር መፈለግ ጀመረ፤ ለእነሱ «ይኸው፣ ያውና!» ማለት ነው። አንዱ ሩሲያዊ ደግሞ «ና» ብሎ ሲጋራ ዘረጋለት፤ «እንካ» ማለቱ ነበር። ባለቤቴ ሲጋራ አያጨስም፤ ሰውየውን ላለማሳፈር ተቀብሎ ቤት አመጣት። የመርፌ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ትምባሆዋ ተራግፎ ወረቀቷ ብቻ እስኪቀር እዚያው ነበረች። የኮሪያው መካኒክ ደግሞ ደረቱን መታ አደረገና «ና» አለው። «እኔ» ማለት ነው አሉ። ያን ቀን ሲስቅ ነው የገባው። «የእኔ ነገር! ዕድሜ ልኬን እኔ፣ እኔ፣ እኔ ስል ኖሬያለሁ እንዴ?»

ከሁሉም የወደዳት ግን የስዋሂሊዋን ነበር። እዚያ «ና» ማለት «እና» ነው፤ «ከእገሌ ጋር» ሲሉም እሷኑ ነው የሚሉት። ያስተማረው የመርከብ ሞተር ዘይት ቀቢ፣ ኩባያውንና ዳቦውን እያሳየ «ሻይ ና ዳቦ» እያለ ነበር ያስረዳው። ባለቤቴ ይህችን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የእኛም እኮ አለች» አለኝ። «‘እኔና አንቺ’ ስንል መሐል የተቀመጠችው ማን ናት? አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«እኔ የማየው እግርህ ላይ ያለውን ጭቃ ነው፤ ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

የእኛ «ና» ከየት እንደመጣች የነገረው የወደቡ በር ዘበኛ ነበር፤ በልጅነቱ ግዕዝ የተማረ ሰው ነው። ግዕዙ «ነዓ» ይላል አለው፤ ጉሮሮዋ በዘመን ብዛት ተበልቶ «ና» ቀረች። «‘መጣ’ ትላለህ፣ ‘ይመጣል’ ትላለህ፣ ‘መምጣት’ ትላለህ» አለው ዘበኛው። «ስትጠራ ግን ያን ሁሉ ቤተሰብ ትተህ እሷን ታነሳለህ። የእሷ ዘመዶች አልቀውባታል። ለጥሪ ብቻ የቀረች ናት።» ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ወዲያው ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ጡረታ በወጣ በማግስቱ ይመስል፣ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀረ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ በሙሉ ሄደ፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያውን ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ነርሷ ትራሱን ስታስተካክል አፉን ከፈተ።

«ና» አለ።

ነርሷ ደስ ብሏት «አቤት አባባ! አለሁ!» አለች። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ና» አለኝ።

«ነይ» አላለም። ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

ሌላ ቃል አልመጣም። ለውሃው «ና»፣ ለሐኪሙ «ና»፣ ለግድግዳው «ና»። የንግግር ባለሙያዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ትዕግሥተኛ፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው። ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣኝ አስረዳችኝ።

«እማማ፣ የንግግሩ ቦታ ክፉኛ ሲጎዳ አንዳንድ ሰው ላይ አንድ ቃል ብቻ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ሲደጋግመው የኖረው ቃል ይሆናል። ግን ሊል የፈለገው እሱን ነው ማለት አይደለም። ልክ እንደ ትንፋሽ ዝም ብሎ የሚወጣም ይሆናል።»

«ይገባዋል ወይ የምንለው?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት። አንዳንዴ ዓይንዎን ይጨፍኑ ስላቸው ይጨፍናሉ፤ አንዳንዴ ዝም ብለው ያዩኛል። አልዋሽዎትም።»

አለመዋሸቷን ወደድኩላት። ቤት ይዤው ገባሁ።

ቤት ውስጥ የለመዳቸውን ትርጉሞች ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ማንኪያ ሳቀርብ «ና» ሲል፣ ምናልባት የሂንዲው ነው፣ አይሆንም ማለቱ ነው ብዬ ማንኪያውን መለስኩት፤ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ምናልባት የሩሲያው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁለት፤ የሚሰጠኝ ነገር አልነበረውም። የግሪኩ ከሆነም ብዬ ወደሚያይበት ዞርኩ፤ ባዶ ግድግዳ ነው። ከየትኛውም አገር ይሁን፣ አንዷን ብቻ አውቆ ያላት መሆኑን ባውቅ ይበቃኝ ነበር።

ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚነሳበት ሸራ ሰፋሁለት። ወፍራሙን ሸራ ነው የመረጥኩት፤ በአራቱም ማዕዘን እጀታ አበጀሁ፣ ስፌቱን ደረብኩት። በራሱ በኩል እኔ፣ በእግሩ በኩል ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ እንይዛለን። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየጠዋቱ ይመጣል፤ ደግ ሰው ነው፣ አፉ አያርፍም። ሸራውን ስናነሳው ባለቤቴ «ና… ና… ና…» ይጀምራል።

«መጣን ጋሼ፣ መጣን!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ምን ያስቸኩልዎታል? ፀጉርዎ እንደሆነ አልቋል!»

መሐል ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ዝም ይላል። «አየሽ እትዬ፣ ተመቻቸው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ እኔም ተመቸው እላለሁ፤ ወደፊት እንስበዋለን። ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው ግን ቀኝ እግሩ አንዳች ነገር ላይ ታክኮ እናገኘዋለን፤ ወይ የአልጋው ብረት፣ ወይ የዊልቸሩ ፍሬን። ቅልጥሙ ጠቆረ። ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ጨርቁም ላይ ደም መጣ።

እኔም ወገቤ ተበላሸ። ከተራፊው ሸራ ቀበቶ የሚያህል ቆርጬ ወገቤን ጥፍር አድርጌ አስር ነበር።

ልጃችን ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ቅልጥም ነው። ቀጥሎ የእኔን ቀበቶ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሸራ ነው።»

«ሸራ መሆኑንማ አየሁት! መጦሪያ ቤት ቦታ ተገኝቷል ብዬሽ አልነበር? ሁለት ሦስት ሰው ሆነው ነው የሚያነሱት፤ ማንሻ መሣሪያም አላቸው። አንቺ ልትወድቂ ነው እኮ፤ እሱንም ይዘሽው ነው የምትወድቂው።»

«ቤቱ ይሄ ነው።»

«የት እንዳለ መቼ ያውቃል?»

ሰሃኑን ማድረቄን ቀጠልኩ። እሷም በተናገረችው ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም።

«አንቺን እኮ ‘ና’ ነው የሚልሽ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባባ አንቺን ‘ና’ ብሎሽ ያውቃል? እማዬ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«እሺ ስሚኝ» አልኳት። «የማያውቀኝ ከሆነ ይሂድ፤ አልከለክልሽም። ካወቀኝ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«በምን ይታወቃል?»

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንድትታገሰኝ ለመንኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማይ ቤት መጣ። እስከዚያ ያልመጣው ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ልጁ ዘንድ ሄዶ ስለታከመ ነው። ገና አልዳነም፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ በሩን በእጁ እየዳሰሰ ነው የገባው። አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት። ሁለቱም እንደ ድሯቸው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ፤ ሰማይ ቤትማ ግድግዳውንም ማየቱን እንጃ።

«ና» አለ ባለቤቴ።

«መጣሁ እኮ» አለ ሰማይ ቤት። «ምነው አንተ፣ ቸኮልክ? ሐኪሙ ዓይኔን ይዞት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ድምፁ አልተለወጠም» አለኝ።

ያን ቀን ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ በዝቶበት ቀረ። ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት ነበረበት። ልጄ ልትይዝ ስትል ሰማይ ቤት ከለከላት።

«ተይ አንቺ ልጅ። ይህን ሰውዬ ስንት ዓመት ሸክም አውርጄለታለሁ፤ አንድ ቀን እሱን ባወርድ ምን አለበት? እጀታውን ብቻ እጄ ላይ አድርጉልኝ።»

እጀታዎቹን አስያዝነው። አነሳን።

«ና… ና… ና… ና…» አለ ባለቤቴ። ሸራው ከአልጋው ላይ ተነሳ፣ ወደ ወንበሩ መጣ። መሐል ላይ ስንደርስ ዝም አለ።

ሰማይ ቤት ቀጥ አለ። እኔ ሳብኩ፤ እሱ ግን ግንብ የያዘ ይመስል አልንቀሳቀስ አለ። ሸራው አየር ላይ ተወጠረ።

«ምን ሆንክ አንተ ሰው? ና እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

«ዝም አለ እኮ» አለኝ።

«አዎ ዝም አለ! ታዲያስ?»

«እንዴት ታዲያስ? ዝም ካለ ልክ አይደለማ።» ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤ ጥቁሩ መነጽር ላይ መስኮቱ ይታያል። «እህት ዓለም፣ እኛ ጋ ቁም የሚባል የለም። ‘ቁም’ ለማለት ያልቻለ ሰውስ? ራዲዮው ቢበላሽስ? ቢወድቅስ? ድምፁ ካለ ይመጣል፤ ድምፁ ከጠፋ ይቆማል፤ በቃ። አንቺ ልጅ፣ እስኪ እዪ፣ የሆነ ነገር ነክቷል።»

ልጄ ጎንበስ አለች። የአባቷ ቀኝ እግር ከሸራው ጫፍ ወጥቶ የዊልቸሩ ፍሬን ላይ ሊገባ ነበር። እግሩን አንስታ ሸራው ውስጥ አስገባችው።

«ና…» አለ ባለቤቴ ወዲያው። «ና… ና… ና…»

ሰማይ ቤት ተንቀሳቀሰ። መቀመጫው ወንበሩን ሲነካ ድምፁ ቆመ። አስቀመጥነው። ዓይኔን ስመልስ ባለቤቴ ሰማይ ቤትን እያየው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፤ የሠራ ሰው ላብ።

ልጄ «እስኪ መልሱት፤ ወደ አልጋው» አለች። አነሳነው። «ና… ና…» ሲል እሷ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትንሿን በርጩማ መንገዱ ላይ፣ እግሩ በሚያልፍበት ቦታ አስቀመጠች። ሰማይ ቤት አላየም። እኔ ግን አየሁ።

ዝም አለ።

ቆምን።

ልጄ በርጩማውን አንስታ ከክፍሉ ወጣች። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ ስትከፍት ሰማሁ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ለንግግር ባለሙያዋ ስንነግራት በሚቀጥለው ቀን ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ሰማይ ቤትን አስቀምጣ ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ እሱም ቡና ቤት ያለ ይመስል የባትሪዋንና የምሳዋን ታሪክ ከነዳቦው ነገራት። ሳቀች፤ ስቃም ሳትጨርስ ከቦርሳዋ ካርቶን አወጣች። ካርቶኑ ላይ ሥዕሎች አሉ፤ ብርጭቆ፣ ዳቦ፣ ብርድ ልብስ፣ መስኮት። ጣቷን ከጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ነዳች።

«ና… ና…» አለ ባለቤቴ። ብርጭቆውን አለፈች፣ ዳቦውን አለፈች፣ ብርድ ልብሱን አለፈች። መስኮቱ ላይ ዝም አለ።

መስኮቱን ከፈትኩለት።

አዲስ ቋንቋ ነው ማለት አይቻልም፤ ያው የድሮ ሥራው ነው። ግን በዚያ ሳምንት ውሃ ሲጠማውና ሲበርደው አወቅን። በርጩማው ላይ ተቀምጬ እጁን ይዤ ስለ ሸራ ቤቱ፣ ስለዚያች ሲጋራ አወራሁለት። የማውቀውን ሰው ነበር የማወራው። ልጄም ስለ መጦሪያ ቤቱ አላነሳችም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«አሁን ራሱ ይናገር» አልኳት። ልቤ ሞልቶ ነበር። «ጠይቂውና ነገሩ ይለይለት።»

ልጄ ወንበሯን አስጠጋች። ሰማይ ቤትም ነበረ።

«አባባ» አለችው። «የት መኖር ነው የምትፈልገው? አንድ በአንድ እጠራለሁ። እዚህ፣ ቤትህ…»

«ና…»

«እኔ ዘንድ…»

«ና…»

«መጦሪያ ቤት…»

ክፍሉ ፀጥ አለ። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል።

«አልገባውም» አልኩ። «ከኋላ ጀምሪለት።»

ከኋላ ጀመረች። «መጦሪያ ቤት» ስትል ገና ከመጀመሪያው ዝም አለ፤ ወደሚቀጥለው ስታልፍ ድምፁ ተመልሶ መጣ። «ከመሐል አድርጊው» አልኳት። ከመሐል አደረገችው። ያው ነው።

«እንደገና!» አልኩ።

«እህት ዓለም» አለኝ ሰማይ ቤት፣ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ዝም ካለ ዝም ነው። እዚህ ሥራ ላይ ክርክር የለም።»

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ግን የሚያየው ፊቴን አልነበረም። ዓይኑ ወገቤ ላይ ያሰርኩት ሸራ ላይ ነበር።

ካወቀኝ አይሄድም ብዬ ነበር። አውቆኝ ሄደ።

ወደ መጦሪያ ቤቱ ሸራውንም ይዘን ነው የሄድነው። ከመሄዱ በፊት ጠርዙ ላይ በቀይ ክር «ዝም ሲል ቁሙ» ብዬ ሰፋሁበት፤ ፈረቃ ቢቀያየርም ማንም እንዲያነበው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ለመዱት። ቅልጥሙ ዳነ። እኔ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአውቶብስ እሄዳለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት አለ። ስገባ «ና» ይለኛል። «ነይ» ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ አልመጣችም። እኔም ያቺን የሻይና የዳቦዋን «ና» ነው የሚለኝ ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሻይ ከዳቦ ጋር ያመጡልናል። ሰማይ ቤት አንዳንዴ ይመጣል፤ ሦስታችንም ግድግዳውን እናያለን።

ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከመጦሪያ ቤቱ ተንከባካቢዎች አንዷ ነበረች።

«እማማ፣ ልናነሳቸው ሸራውን ዘርግተን ነበር» አለችኝ። «ገና ከመጀመሪያው ዝም አሉ። ቆምን። ስንጠብቃቸው…»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። የወደቡ ጡረተኞች፣ የሸራ ቤቱ ሴቶች፣ ፀጉር አስተካካዩ፤ ያን ቀን አፉን ዘግቶ። ሳጥኑን በገመድ የሚያወርዱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱን ጫፍ ሰማይ ቤት ካልያዝኩ አለ። ዓይኑ ድኗል፤ መነጽሩን ግን አላወለቀም። ሳጥኑ ከአፈሩ አፍ ዝቅ እንዳለ ሦስቱ ገመዳቸውን ማላላት ጀመሩ። ሰማይ ቤት አላላም። ሳጥኑ በእሱ በኩል ከፍ ብሎ ዘመመ።

«አባት፣ ይልቀቁት እንጂ!» አለ አንዱ ቀባሪ።

ሰማይ ቤት ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ቆሟል፤ ገመዱ እጁን እየበላው ነው።

«አባት! ይሰሙኛል?»

«ቆይ» አለ።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ልጄ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችኝ። ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋሁና ወደ ታች አየሁ። ጥልቅ ነው። ጨለማ ነው። ከላይ ቆሞ መጨረሻው አይታይም።

«ና» አልኩ።

ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

«ና… ና… ና…» እንደ እሱ ሳልቸኩል፣ ሳላቋርጥ ለማለት ሞከርኩ። ሳጥኑ ተስተካከለ፤ ወረደ። ድምፄ አንድ ሁለቴ ሊሰበር ሲል ሰማይ ቤት ገመዱን ያዝ አደረገው፤ ስቀጥል ቀጠለ። እታች ደርሶ አራቱም ገመዶች እስኪላሉ ድረስ ጠራሁ።

ከዚያ ዝም አልኩ።